በቁራጭ በቁራጭ ያለቀው የሪዮ ትራክ

በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ ገንዳ ውስጥ ሲገባ አብዛኞቻችን አይተነዋል። የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋውን በ1፡04.95 ጨርሶ መነጋገሪያ ሆኖ ሰነበተ። ስለ ዋናተኛው ያልተባለ ነገር አልነበረም። ስለ ቦታው ግን እኛ አገር ያነሳ ሰው አላስታውስም። ገንዳው ያረፈበት መሬት ከአራት ዓመት በፊት የመኪና ውድድር ትራክ ነበር። ያውም ተራ ትራክ አይደለም። አሥር ጊዜ ፎርሙላ ዋን ተካሂዶበታል። አይርተን ሴና የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ውድድሩን ያደረገው እዚያ ነው። (አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን የሰበረችበት ስታዲየም ሌላ ሰፈር ነው፤ ከዚህ ታሪክ ጋር አይገናኝም። ዓመቶቹና ወራቱ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትራኩ ዣካሬፓጓ ይባል ነበር። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ኦሎምፒክ መጣ፣ ትራኩ ፈረሰ። ቀኑን ካየን እውነት ነው። ምክንያቱን ካየን ግን ኦሎምፒኩ የመጨረሻውን ምት ብቻ ነው የመታው። ከዚያ በፊት ትራኩ በየተራ ተቆርሶ ግማሽ ጎኑ አልቆ ነበር። ትራኩን የበላው መሬቱ መወደዱ ነው።

ሲጀመር መሬቱን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ባራ ዳ ቲዡካ የሚባለው የሪዮ ምዕራባዊ ክፍል በ1960ዎቹ ረግረግ፣ ሐይቅና አሸዋ ነው። ከመሃል ከተማው ጋር ተራራ ይለየዋል። በ1969 የዋና ከተማዋን የብራዚሊያን ፕላን የነደፉት ሉሲዮ ኮስታ ለዚህም ቦታ ፕላን አወጡለት። ሰፋፊ መንገድ፣ ረጃጅም አፓርታማ፣ ለመኪና የተመቸ ከተማ። በዚያ ዘመን ዓይን ሐይቁ ዳር የውድድር ትራክ መሥራት ምንም አያስገርምም። ድምፁ የሚረብሸው ጎረቤት እንኳ እምብዛም የለም። ትራኩ በ1977 ተከፈተ። ርዝመቱ 5.031 ኪሎ ሜትር ነው። መኪኖቹ የሚዞሩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሆነ የሹፌሮቹ አንገት በማይለምደው በኩል ይጎተታል። በዚያ ላይ የሪዮ ሙቀትና ወበቅ አለ።

በ1978 ፎርሙላ ዋን መጣ። አርጀንቲናዊው ካርሎስ ሮይተማን በፌራሪ አሸነፈ። ጎማ ሠሪው ሚሼሊን በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው ያን ቀን ነው። ራዲያል ጎማ በፎርሙላ ዋን ሲያሸንፍም የመጀመሪያው ነበር። ለብራዚላውያን ግን ትልቁ ዜና ሁለተኛ የወጣው ነው። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ ከወንድሙ ጋር ባቋቋመው የአገር ልጅ ቡድን መኪና ነበር የጨረሰው። ከዚያ ውድድሩ ለሁለት ዓመት ወደ ሳኦ ፓውሎ ተመለሰ። ከ1981 እስከ 1989 ግን ሳይቋረጥ የዣካሬፓጓ ሆነ።

የ1981ዱ ውድድር ሳይነሳ አይታለፍም። ዝናብ እየዘነበ ነው። ከፊት የተሰለፈው የሪዮው ልጅ ኔልሰን ፒኬ በደረቅ አስፋልት ጎማ ልጀምር አለ። ዝናቡ ያቆማል ብሎ ነው። አላቆመም። 12ኛ ወጣ። ከፊት የቀሩት ሁለቱም የዊሊያምስ ቡድን መኪኖች ናቸው፤ ሮይተማን ይመራል፣ አላን ጆንስ ይከተላል። የሮይተማን ውል ደግሞ ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ከቀረቡ ለጆንስ ልቀቅ ይላል። ቡድኖቹ ከሚቆሙበት ከፒቱ ግድግዳ ላይ «ጆንስ–ሮይት» የሚል ሰሌዳ ወጣ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙርም ወጣ። ሮይተማን አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ አሸነፈም። ጆንስ ተናዶ መድረኩ ላይ አልወጣም። ሮይተማን ዓመቱ ሲያልቅ ሻምፒዮናውን በአንድ ነጥብ አጣ። የወሰደበት ያው ዣካሬፓጓ ላይ በጎማ የተሳሳተው ፒኬ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው ደግሞ ከሹፌሮቹ ይልቅ የመካኒኮቹ ጨዋታ ነው። ሬኖና ፌራሪ የሞተር ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ ስለነበራቸው በጉልበት የሚደርስባቸው የለም። ቱርቦ ያልነበራቸው የእንግሊዝ ቡድኖች ብልሃት ፈለጉ። ሕጉ መኪናው ከ580 ኪሎ ማነስ የለበትም ይላል። ያው ሕግ ደግሞ መኪናው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት በውድድሩ ያለቀ ፈሳሽ እንዲሞላ ይፈቅዳል። ቡድኖቹ መኪናው ላይ የውሃ ታንክ ገጠሙ። ለምን ሲባሉ «ፍሬን ለማቀዝቀዝ» አሉ። ውሃው ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፈሶ ያልቃል። መኪናው ቀሎ እየበረረ ይጨርሳል። ከዚያ ታንኩ ይሞላና ሚዛኑ ልክ ይመጣል። ሕግ አልጣሱም፤ ሕጉን ግን ሙልጭ አድርገው ነበር የተጠቀሙበት።

ፒኬ በዚህ ዓይነት መኪና በአገሩ ሰው ፊት አንደኛ ወጣ። ኬኬ ሮዝበርግ ሁለተኛ። ፒኬ በሙቀቱ ደክሞ መድረኩ ላይ ራሱን ሳተ። ሬኖና ፌራሪ ግን ይግባኝ ብለው ነበርና ከሳምንታት በኋላ የሁለቱም ውጤት ተሰረዘ። ድሉ ሦስተኛ ለወጣው ለአላን ፕሮስት ተሰጠ። የእንግሊዝ ቡድኖች አብዛኞቹ አኩርፈው ከቀጣዩ የኢሞላ ውድድር ቀሩ። እዚያ የተሰለፉት 14 መኪኖች ብቻ ናቸው። የአንድ ትራክ ውጤት የስፖርቱን ፖለቲካ እንዲህ ያናጋበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የቀሩትን ዓመታት ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። በ1984 ሴና በቶልማን ቡድን ጀመረ፤ መኪናው ግን አላስጨረሰውም። በ1986 ፒኬ አንደኛ፣ ሴና ሁለተኛ ሆኑና ሪዮ ጨፈረች። ፒኬ በ1987 ሦስተኛውን የዓለም ሻምፒዮናነቱን ሲወስድ ትራኩ በስሙ ተሰየመ። ሴና በ1988 ከመነሻው በፊት መኪናው ተበላሽቶበት በትርፍ መኪና ስለተነሳ ከውድድር ተሰረዘ። እሱ ዣካሬፓጓ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈም። በአገሩ ምድር ለማሸነፍ 1991ንና ሳኦ ፓውሎን መጠበቅ ነበረበት። ፕሮስት ግን አምስት ጊዜ አሸንፏል። ለሪዮ ሰው ይህ አሁንም የሚያንገበግብ ይመስለኛል።

1989 ትንሽ ያቆመናል። ፌራሪ ማርሹ ከመሪው ጀርባ ባለ መቀየሪያ የሚለወጥ መኪና ይዞ መጣ። በልምምድ ላይ ሲበላሽ ነው የከረመው። ናይጀል ማንሴል እንደማይጨርስ እርግጠኛ ስለነበር ቀደም ያለ በረራ ይዞ ነበር። መሃል ላይ መሪው ተበላሽቶ ፒት ውስጥ በሌላ ተቀየረለት። እንደዚያም ሆኖ አሸነፈ። ዋንጫውን ሲያነሳ ደግሞ ጣቶቹን ቆረጠው። ዛሬ ያንን ዓይነት ማርሽ የማይጠቀም የፎርሙላ ዋን መኪና የለም። ያው 1989 ግን ሌላም ፊት አለው። ከውድድሩ ጥቂት ቀናት በፊት ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስትሬፍ እዚያው ትራክ ላይ በልምምድ ሲነዳ ክፉ አደጋ ደረሰበት። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። አደጋው ላይ የተሰጠው ሕክምና ብዙ አስወቅሷል። በትራኩ ስም ላይ ጥላ የጣለ ነገር ነው።

በ1990 ፎርሙላ ዋን ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄደ። በከንቲባ ሉዊዛ ኤሩንዲና ጊዜ የሳኦ ፓውሎ ማዘጋጃ ቤት የከተማውን ትራክ ኢንተርላጎስን አሳድሶ፣ 7.9 ኪሎ ሜትር የነበረውን ወደ 4.3 ኪሎ ሜትር አሳጥሮ ጠበቃቸው። የትራክ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ትራኮች የከተማ ንብረት ናቸው። አንዱ ከተማ ገንዘብ አወጣ፣ ሌላው ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሳኦ ፓውሎ ኢንተርላጎስን ለመንካት ፎርሙላ ዋንን ማጣት ነበረበት። ሪዮ ግን ከዚያ ወዲያ የሚያጣው ትልቅ ነገር አልነበረውም።

ዣካሬፓጓ ወዲያው አልሞተም። ያሉትን ዕድሎች በየተራ ሞከረ። በ1996 ካርት (CART) የሚባለው የአሜሪካኑ የመኪና ውድድር ሊግ መጣ። ለእሱ ሲባል በፊቲፓልዲ ስም የተሰየመ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ኦቫል፣ ማለትም ሞላላ ትራክ፣ ተሠራ። አምስት ዓመት ሠራ፤ የ2001 ውድድር ተሰረዘ፤ አለቀ። የሞተር ሳይክል ግራንድ ፕሪ ከ1995 ጀምሮ መጣ። ቫለንቲኖ ሮሲ ከ2000 እስከ 2003 አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎበታል። እሱም በ2004 ቆመ። እንግዲህ ዓለም አቀፍ እንግዳ የሌለው፣ ጥገናው የተጓደለ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሞላ ትልቅ ግቢ ቀረ።

ዙሪያው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። የኮስታ ፕላን ሠርቷል። ባራ የሀብታም ሰፈር ሆኗል። የገበያ ማዕከል፣ አጥር ያለው አፓርታማ፣ ባለ ብዙ መስመር መንገድ። ትራኩ ሲሠራ ማንም ያልፈለገው ረግረግ አሁን የሪል እስቴት ሰዎች የሚጎመጁበት ቦታ ነው። ያውም ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ወጥ የመንግሥት መሬት። ለአልሚ እንዲህ ያለ መሬት ማለት ካሳ የሚጠይቅ ባለይዞታ የሌለው፣ በአንድ ፊርማ የሚተላለፍ ማለት ነው። ቢያንስ የትራኩ ግቢ እንደዚያ ነበር። ስለ አጥሩ ማዶ በኋላ እንመጣበታለን።

የመጀመሪያው ቁራጭ የተቆረሰው ለ2007ቱ የፓን አሜሪካ ጨዋታ ነው። ከትራኩ ከፊሉ ፈርሶ አሬና፣ የዋና ማዕከልና የብስክሌት ቬሎድሮም ተሠራበት። የቀረው ተጠጋግኖ፣ ተጣሞና አጥሮ ለአገር ውስጥ ውድድር ብቻ ሆነ። ፎርሙላ ዋን ወይም ሞቶ ጂፒ ሊመለስበት የሚችል ትራክ መሆኑ ያን ጊዜ አበቃ። በእኔ እይታ ዣካሬፓጓ የሞተው ያኔ ነው። 2012 ቀብሩ ነው።

የቬሎድሮሙ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቃል፤ ካላስለቀሰ። ለ2007 ትራክ አፍርሰው ሠሩት። ኦሎምፒኩ ሲመጣ ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች የዳኞችን እይታ ይጋርዳሉ፣ ደረጃውንም አያሟላም ተባለ። በ2013 አፈረሱት። አጠገቡ ሌላ ሠሩ። የአዲሱ ጣሪያ በ2017 ከሰማይ በወረደ የወረቀት ፋኖስ ተቃጠለ። አንድ ትራክ ለአሥር ዓመት ለማይቆይ ሕንፃ ነበር የተሰዋው።

ሪዮ ኦሎምፒኩን በጥቅምት 2009 አሸነፈች። የኦሎምፒክ ፓርኩ ቦታ የትራኩ ቀሪ መሬት ሆነ። የብራዚል የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ዝም አላለም። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። የተገባለት ቃልም ግልጽ ነው፦ ሪዮ አዲስ ትራክ ታገኛለች፣ ቦታውም የጦር ሠራዊቱ ይዞታ ያለበት ዴዎዶሮ ይሆናል። መጀመሪያ አዲሱ፣ ከዚያ ማፍረስ። ኦሎምፒክ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ ትራክ የለውም። በ2012 መጨረሻ ዶዘሮቹ ገቡ። ዴዎዶሮ ላይ አንድ ድንጋይ አልተጣለም ነበር።

አሁን ወደ አጥሩ ማዶ። ከትራኩ ጎን ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ስሙ ቪላ አውቶድሮሙ ነው፤ የትራኩ ሰፈር እንደማለት። ነዋሪዎቹ በ1990ዎቹ የመጠቀም መብት የሚሰጥ የመንግሥት ወረቀት አግኝተዋል። ሕገ ወጥ ሰፋሪ የሚባሉ አልነበሩም። ለማስነሳት የቀረበላቸው ምክንያት ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። አንዴ አካባቢ ጥበቃ፣ አንዴ ጸጥታ፣ አንዴ መንገድ ማስፋፊያ። ምክንያቱ እንደ ሸሚዝ ሲቀየር ውሳኔው አስቀድሞ ማለቁን መጠርጠር ደግ ነው።

ነዋሪዎቹ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የራሳቸውን የሰፈር ማሻሻያ ፕላን አወጡ። ሳንነሳ ፓርኩ ይሠራ የሚል ነው። በ2013 ዓለም አቀፍ የከተማ ልማት ሽልማት አገኘ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ማፍረሱን አላቆመም። ካሳው ለአንዳንዱ ጠቀም ያለ ነበር፤ ወስደው የሄዱ ብዙ ናቸው። የቀረው ሰው ውሃውና መብራቱ እየተቆራረጠ፣ ፍርስራሽ መሃል እየኖረ ታገለ። ከትግሉ ፊት መሪዎች የአንዷ ቤት የፈረሰው መጋቢት 8 ቀን 2016 ነው፤ የዓለም የሴቶች ቀን። ከ500 በላይ ቤተሰብ ከነበረበት ሰፈር በመጨረሻ 20 ያህሉ ብቻ ቀሩ። እነሱም ኦሎምፒኩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አንድ ዓይነት ነጭ ቤት ተሠራላቸው። ዛሬ እዚያ የመፈናቀል ሙዚየም የሚሉት ክፍት የአየር ላይ ሙዚየም አላቸው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሠራ ካላየን ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ፓርኩን ከገነቡት ዋና ተዋናዮች አንዱ በመንግሥትና በግል አጋርነት የተቋቋመ ጥምረት ነው። ውስጡ የግንባታ ኩባንያዎቹ ኦዴብሬሽትና አንድራዴ ጉቲየሬዝ፣ እንዲሁም የባራን መሬት ለአሥርት ዓመታት የያዘው ካርቫልዮ ሆስከን አሉ። ለሥራቸው የሚከፈላቸው በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከጨዋታው በኋላ የፓርኩ መሬት አብዛኛው ክፍል ለመኖሪያና ለንግድ ሕንፃ ልማት እንዲሆናቸው ነው ስምምነቱ። ማዘጋጃ ቤቱ «ከበጀት ብዙ አላወጣሁም» ለማለት ተመቸው። ያወጣው መሬት ነውና።

አንድ ሰው ከመቶ ሄክታር በላይ የከተማ መሬት ለጥቂት ሀብታሞች መጫወቻ ይታጠር ወይ ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። እኔም መልሱ ይታጠር የሚል አይመስለኝም። ጭስ አለው፣ ጩኸት አለው፣ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው። ችግሩ ልውውጡ ላይ ነው። የትራኩ መሬት የሕዝብ ነበር። ቦታው ለፓርክ፣ ለትምህርት ቤትና አቅም ለሌለው ሰው ቤት ሳይሆን አቅም ላለው ቤት ሲውል ክርክሩ ሁሉ ፉርሽ ይሆናል። አስገራሚው ነገር የተጠበቀው የቤት ገበያም ወዲያው ወደቀ። ብራዚል ከኦሎምፒኩ ጋር ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ገባች። ለአትሌቶች የተሠራው የአፓርታማ መንደር ለገዢ ሲቀርብ ብዙው ሳይሸጥ ቆየ። ፓርኩ ላይ ዛሬ በጣም ሰው የሚሞላው በሮክ ኢን ሪዮ የሙዚቃ ድግስ ሰሞን ነው። ከ2017 ጀምሮ እዚያ ነው የሚዘጋጀው። ጩኸቱ እንግዲህ ተመልሷል።

በአሜሪካም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል፤ ልዩነቱ ግን ያስተምራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቨርሳይድ የሚባለው ትራክ ከ1957 እስከ 1989 ሠርቶ የገበያ ማዕከል ሆነ። እዚያው ካሊፎርኒያ ያለው የኦንታሪዮ ትራክ ደግሞ በ1970 ተከፍቶ አሥር ዓመት ብቻ ነው የቆየው። የተሠራው በቦንድ ብድር ነበር። ዕዳው ሲከብድ የሼቭሮን የመሬት ኩባንያ ቦንዱን በርካሽ ሰብስቦ ትራኩን አፈረሰው። መሬቱ ከትራኩ በላይ ያወጣ ነበር። ነገሩ ጨካኝ ቢሆንም ቢያንስ ግልጽ ንግድ ነው። የሪዮው በስፖርት፣ በባንዲራና በ«ትሩፋት» ቃል ተሸፍኖ መጣ።

ቃል የተገባው አዲሱ ትራክስ? ዴዎዶሮ ላይ ያልፈነዳ የጦር መሣሪያ የተቀበረበት መሬት መሆኑ አንድ ችግር ነው። ሌላው ካምቦዋታ የሚባለው ጫካ ነው። በሪዮ ቆላማ ክፍል ከቀሩት ጥቂት የአትላንቲክ ደኖች አንዱ ነው፤ 200 ሄክታር ገደማ ይሆናል። በ2019 ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ ፎርሙላ ዋን ወደ ሪዮ ይመለሳል፣ ትራኩም ዴዎዶሮ ይሠራል ብለው አወጁ። ነዋሪዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ተነሱ። ሉዊስ ሃሚልተን ሳይቀር ለትራክ ዛፍ መቁረጡን በይፋ ተቃወመ። በ2021 መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ዕቅዱን ጣለው። ኢንተርላጎስ ከዚያ በፊት ውሉን አድሶ ጨርሶ ነበር። አሁን ውሉ እስከ 2030 ይዘልቃል።

የዴዎዶሮን ዕቅድ የጣሉት ከንቲባ ኤድዋርዶ ፓይስ ናቸው። ዣካሬፓጓ ሲፈርስ ከንቲባ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ጫካውን ማዳናቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ግን ያለጫካ ትራክ የነበራት ከተማ ትራኩን አፍርሳ ምትኩን ጫካ ውስጥ የፈለገችው ለምን እንደሆነ የሚጠየቀውም ያው ቢሮ ነው። በኋላ ደግሞ ፓይስ ጓራቲባ የሚባል ከባራ አልፎ ያለ ቦታ ላይ ትራክ እንዲሠራ ደግፈዋል።

እስከዚያው ሪዮ ትራክ የላትም። የብራዚል ስቶክ ካር ሊግ በሚያዝያ 2022 ሪዮ ላይ ሲወዳደር የሚነዳበት ቦታ ስለጠፋ የጋሌዎ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ አስፋልት ላይ መስመር ተሠርቶለት ነው መኪኖቹ የዞሩት።